ሁለት ውል፣ አንድ ሮኬት

«ጭነቱ ዘግይቷል» የሚል መልዕክት ደስ ብሎት የሚቀበል ነጋዴ የለም። ዕቃ በዘገየ ቁጥር የባንክ ወለድ ይቆጥራል፣ የመጋዘን ኪራይ ይከፈላል፣ ገዢውም ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህም አብዛኞቻችን አቅራቢን የምንመዝነው በቀጠሮ አክባሪነቱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ ብቻውን እንደሚያሳስት ለመረዳት ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። እዚያ ያለው ደንበኛ ምግቡም መለዋወጫውም የሚደርሰው በሮኬት ነው። ሮኬት ደግሞ በተቀጠረለት ቀን ሲነሳ የሚደነቅ እንጂ ሲዘገይ የሚደንቅ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዘግየቱ ምክንያት ምንድን ነው? ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ ምድርም ከሥሩ ትዞራለች። የማስወንጨፊያው ቦታ ከጣቢያው የጉዞ መስመር ጋር የሚገጥመው በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ያቺ ሰዓት በነፋስ፣ በደመና ወይም በአንዲት ቫልቭ ምክንያት ካለፈች ሥራው ቢያንስ ለማግስቱ ይተላለፋል። በሜይ 19 ቀን 2012 የስፔስ ኤክስ ፋልከን 9 ሮኬት ሞተሮቹ ተቀጣጥለው ሊነሳ ግማሽ ሰኮንድ ሲቀረው ኮምፒዩተሩ ራሱ አስቆመው። በአንዱ ሞተር ውስጥ ግፊቱ ከልክ በላይ ሆኖ ነበር። ቫልቩ ተቀይሮ ከሦስት ቀን በኋላ ተነሳ፤ ጭነቱም በሰላም ደረሰ።

ሌላም እንጨምር። የኦርቢታል ሳይንስስ ሲግነስ የተባለችው ዕቃ ጫኝ መንኮራኩር የመጀመሪያ የውል ጉዞዋን ልታደርግ የታሰበው በዲሴምበር 2013 ነበር። በዚያው ወር የጣቢያው የማቀዝቀዣ ፓምፕ ተበላሸና ጠፈርተኞቹ ወጥተው እስኪቀይሩት ጉዞው ተራዘመ። ወደ ጃንዋሪ ሲዛወር ብርዱ አንድ ቀን ወሰደ፤ ቀጥሎ ከፀሐይ የተነሳ የጨረር ማዕበል ሌላ ቀን ወሰደ። በመጨረሻ በጃንዋሪ 9 ቀን 2014 ተነስታ ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰች። ልብ በሉ! አንዱ ምክንያት የገዢው የራሱ ብልሽት፣ ሌሎቹ የተፈጥሮ ነበሩ። አቅራቢውን በቀጠሮ ማፍረስ የሚከስ ገዢ ቢኖር ፍርዱ የተጣመመ ይሆን ነበር።

መዘግየት ያላስከፈለውን ዋጋ ፍንዳታ ያስከፍላል። በኦክቶበር 27 ቀን 2014 የዚሁ ኩባንያ አንታሬስ ሮኬት ሊነሳ ሲል አንዲት ጀልባ ወደተከለከለው የባሕር ክልል በመግባቷ ጉዞው ለማግስቱ ተላለፈ። የዚያ ቀን ኪሳራ ኢምንት ነው። በማግስቱ በሰዓቱ ተነሳ፤ ገና ሩብ ደቂቃ እንደሄደ ግን ፈንድቶ 2,200 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ይዞ ማስወንጨፊያው አጠገብ ወደቀ። ገበያው በነጋታው ሲከፈት የኩባንያው አክሲዮን ከ15 በመቶ በላይ ወረደ። ሮኬቱን ያነሱት ሞተሮች ከ40 ዓመት በፊት በሶቪየት ኅብረት ለጨረቃ ጉዞ ተሠርተው መጋዘን የከረሙ፣ በኋላም አሜሪካ ውስጥ የታደሱ ነበሩ። ከእነዚሁ ሞተሮች አንዱ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሲፈተሽ ተበላሽቶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እስካሁን ያልነው የታወቀ ምክር ሊመስል ይችላል፤ ዝግጅትን አትጣደፉ የሚል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ግን ከዚህ ያልፋል። ገዢን የሚጥለው የአንዱ አቅራቢ መዘግየት ሳይሆን ሁለት የመሰሉት አቅራቢዎች በውስጥ አንድ ሆነው መገኘታቸው ነው።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በዲሴምበር 2008 ውሉን ለሁለት የግል ኩባንያዎች ሲያከፋፍል ለስፔስ ኤክስ ለ12 ጉዞ 1.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ለኦርቢታል ለ8 ጉዞ 1.9 ቢሊዮን ዶላር መደበ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ቶን ሊያደርሱ ተስማሙ። ውሉን በቁሙ ብናካፍለው የመጀመሪያው ኪሎውን በ80,000 ዶላር፣ ሁለተኛው በ95,000 ዶላር ያደርሳል ማለት ነው። ታዲያ በኪሎ 15,000 ዶላር የሚወደደውን ለምን ገዛ? ሁሉን ለርካሹ ሰጥቶ አይገላገልም ነበር? መልሱ አባቶቻችን እንደሚሉት ነው፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ልዩነቱ የሁለተኛ በር ዋጋ ነው።

በሩም ዋጋውን መልሷል። ከአንታሬስ ፍንዳታ በኋላ በኤፕሪል 2015 የሩሲያው ፕሮግሬስ፣ በጁን 28 ቀን ደግሞ የስፔስ ኤክስ ሮኬት ጭነታቸውን ይዘው ጠፉ። በስምንት ወር ሦስት ጭነት! ጣቢያው ግን አልተራበም። ለወራት የሚበቃ ክምችት ነበረው፤ በጁላይ ሌላ ፕሮግሬስ፣ በኦገስት የጃፓን መንኮራኩር ደረሱለት። ኦርቢታልም የራሱ ሮኬት እስኪጠገን ሲግነስን በአትላስ ሮኬት ለማስጫን ከሌላ ኩባንያ ቦታ ገዛ። ያች ጉዞ በዲሴምበር 2015 በአየር ጠባይ ምክንያት ሦስት ቀን ዘገየች፤ ደረሰች እንጂ።

ኋላ የመጣው ነው አሳሳቢው። የታደሰው አንታሬስ የታችኛው ክፍሉ በዩክሬን፣ ሞተሩ በሩሲያ ይሠራ ነበር። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2022 አንድ አንታሬስ ተወነጨፈ። ከአምስት ቀን በኋላ ሁለቱ አገሮች ጦርነት ገጠሙ። ኦርቢታልን የጠቀለለው ኖርዝሮፕ ግረማን በእጁ የነበሩትን ሁለት ሮኬቶች እስከ ኦገስት 2023 ድረስ ተጠቅሞ ጨረሰ። አዲሱ ሮኬት በ2024 መጨረሻ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ 2025 ተጠናቆ እንኳ አልበረረም። እስከዚያው ኩባንያው ለሲግነስ ማጓጓዣ የገዛው የማንን ሮኬት ነው? የተፎካካሪውን የስፔስ ኤክስን ፋልከን 9!

በወረቀት ላይ ናሳ ሁለት አቅራቢ ነበረው። ማስወንጨፊያው ሜዳ ላይ ግን የሁለቱም ጭነት የሚነሳው በአንድ ዓይነት ሮኬት ሆነ። በጁላይ 2024 አንድ ፋልከን 9 ሳተላይቶች ይዞ ሲሄድ የላይኛው ክፍሉ ተበላሸና በረራው ሁሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ቆመ። ዕድል ሆኖ ችግሩ ቶሎ ተገኝቶ ሲግነስ በኦገስት 4 ቀን ተነሳች። ሁለት ሳምንት የተባለው ሁለት ወር ቢሆን ኖሮስ? በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ሌላዋ ሲግነስ ስትጓጓዝ ተጎድታ ጉዞዋ ቀረ፤ ናሳም ቀጣዩ የስፔስ ኤክስ ጭነት ላይ ተጨማሪ ምግብ ማስጫን ግድ ሆነበት። በኖቬምበር 2025 የሩሲያ ሮኬቶች የሚነሱበት የባይኮኑር ማስወንጨፊያ የአገልግሎት መድረኩ ተጎዳ። በዚህ ሁሉ መሐል እውነተኛ ሌላ በር ሆኖ የተገኘው የጃፓን ነው። አዲሱ የጃፓን ዕቃ ጫኝ በአየር ጠባይ ጥቂት ቀን ዘግይቶ በኦክቶበር 26 ቀን 2025 በራሷ በጃፓን ሮኬት ተነሳ። ዘገየ፤ ግን የማንንም በር አላንኳኳም።

«ሁለተኛ አቅራቢ መያዝ ውድ ነው፤ ትርፍ ይበላል» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። እውነት አለው። ይሁን እንጂ ገዢው በውሉ አቀራረጽ ወጪውን ሊገድብ ይችላል። ናሳ ይህን ዘርፍ ለግል ኩባንያዎች ሲከፍት ገንዘብ የሚለቀው ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲጠናቀቅ ብቻ ነበር። በ2006 ከተመረጡት አንዱ ሮኬትፕሌን ኪስትለር የግል ካፒታል ማሰባሰብ አቅቶት በ2007 ውሉ ሲፈርስ፣ ከተመደበለት 207 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወሰደው 32 ሚሊዮን ያህሉን ብቻ ነው። የተረፈው ገንዘብ ነው ለኦርቢታል መግቢያ የሆነው። በ2016 ሦስተኛ አቅራቢ ሆኖ የተመረጠው የሴራ ኔቫዳ ድሪም ቼዘር ደግሞ ዓመት በዓመት ላይ ሲዘገይ ቆይቶ፣ በ2025 ናሳ የተወሰነ የጉዞ ቁጥር የመግዛት ግዴታውን ከውሉ አነሳ። እንግዲህ ውሉ በቁርጥ ዋጋና በተጠናቀቀ ሥራ የሚከፈል ከሆነ የአቅራቢው መዘግየት በዋናነት የአቅራቢው ሸክም ነው። ሥራ ሳይታይ ቀብድ የሚያፈስ ገዢ ግን መዘግየቱን ራሱ ገዝቶታል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ናሳ በ2008 ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው በኋላ ነው። የሁለተኛውን አቅራቢ ፊርማ ይዞ የሁለተኛውን ሞተር ምንጭ አልጠበቀም። ሞተሩ ከየት እንደሚመጣ ከጦርነቱ በፊት የማያውቅ አልነበረም፤ ምትክ ሮኬት እንዲሠራ ውሉ ውስጥ ለማስገባት ግን ጦርነት መጠበቅ አልነበረበትም። ጣቢያው እስከ 2030 ገደማ እንዲያገለግል ታቅዷል። ከዚያ በኋላ የግል ጣቢያዎች ይተኩታል ከተባለ፣ ለእነርሱ ገንዘባቸውን የሚያፈስሱ ባለሀብቶች አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸው ስንት አጓጓዥ እንዳለ ሳይሆን ስንት ዓይነት ሮኬት እንዳለ ነው።

የገበያችን ሰውም ከዚህ የሚወስደው አለ። ሁለት አስመጪ ያለው ነጋዴ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ መርከብ፣ በአንድ ወደብ የሚያስመጡ ከሆነ ያለው አንድ አስመጪ ነው። አቅራቢዎ «ሦስት ቀን እዘገያለሁ» ሲልዎ ምክንያቱን ይጠይቁት፤ አጥጋቢ ከሆነ ይታገሡት። ከዚያም ሁለተኛው አቅራቢዎ ዘንድ ይደውሉና ዕቃውን ከየት እንደሚያመጣ ይጠይቁት። መልሱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ከሆነ፣ ሊያሳስብዎ የሚገባው የሦስቱ ቀን መዘግየት አይደለም።