የወደቀ ሐሳብም መዝገብ አለው

ለመሆኑ ማንም በነፃ በሚጠቀምበት የኮምፒዩተር ቋንቋ ላይ አዛዡ ማን ነው? ፓይተን ለተባለው ቋንቋ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ ወጥቶለታል። ትልቅ ለውጥ የሚሻ ሰው ሐሳቡን ቁጥር በተሰጠው ጽሑፍ ያቀርባል፤ ክርክሩ በአደባባይ ይካሄዳል፤ ሐሳቡ ውድቅ ቢሆን እንኳ መዝገቡ አይጠፋም።

የመጨረሻው ቃል ግን የመሥራቹ የጊዶ ቫን ሮሰም ነበር። በ2018 ብርቱ ሙግት ያስነሣ አንድ አዲስ ምልክት አጸደቁና፣ በጭቅጭቁ ተሰላችተው ከዳኝነቱ በፈቃዳቸው ወረዱ። በ2019 በዋና ዋና ሠሪዎቹ ድምፅ የተመረጠ፣ አምስት አባላት ያሉት ጉባኤ ተተካ።

ግልጽነት ጠብን አያስቀርም። ሐሳቡ የወደቀበት ሰው ግን ማን፣ ለምን እንደጣለው ያነባል፤ «በጓዳ ተመክሮብኝ ነው» አይልም። ቃለ ጉባኤውን ቆልፎ የሚያኖር የማኅበር ኮሚቴ ሁሉ ይህን ልብ ይበል።