የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ገንዘብ አጠባበቅ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ግን የመኪና ሞተር ጉዳይ ነው። «ሞተርን ከቤተ ሰብ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር፣ ቀጥሎ የምናቀርበውን አንብቦ ይፍረድ።

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍና በጋላባት መካከል፣ ከዶካ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ያገራችን ሰው ደብዳቤ ጽፈውልናል። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች፣ በናፍታ የምትሠራ አንዲት ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ አለቻቸው። በመከር ጊዜ ሰሊጥና ማሽላ ታመላልሳለች፤ በሰፈሩ ሰው ሲታመም ደግሞ አምቡላንሷ እርሷው ናት። ባለፈው ነሐሴ ምጥ የጠናባትን ሴት ጭነው ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ሲገሠግሡ፣ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ የሞተሩ ውኃ ፈላ፤ ሞተሩም ቆመ። ትራክተር ተፈልጎ መጥቶ እስከ አስፋልቱ እስኪጐትታቸው ድረስ ሌሊቱ ነጋ። እናቲቱ ተርፋለች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

አሁን ደላሎች ልዩ ልዩ ሞተር እያሳዩ ያግባቡአቸዋል። ለመግዣው የታሰበው ገንዘብ ከባለቤታቸው የወርቅ ጌጥ የሚገኝ ነው። ባለቤታቸውም ጌጡን አልከለከሉም፤ ነገር ግን «ይህኛውስ ሞተር ሲሞት ምን እንሸጣለን?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። ደብዳቤው የተጻፈልን ለዚሁ ጥያቄ መልስ በመሻት ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የፊተኛውን ሞተር ምን እንደገደለው ነው። መኪና በጭቃ ውስጥ በከባድ ማርሽ ስትጓዝ ሞተሩ ብዙ ይደክማል፤ ፍጥነት ስለሌላት ግን ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው የቬንቲላተሩ ነፋስ ብቻ ነው። የራዲያተሩ ዓይኖች በጭቃና በገለባ ተደፍነው፣ ወይም ቬንቲላተሩን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ እንደ ሆነ ውኃው መፍላቱ አይቀርም። ይህ ሳይታረም አዲስ ሞተር ቢገባ፣ የመጀመሪያውን የገደለው ነገር ሁለተኛውንም ይገድለዋል።

ቀጥሎ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣልያንኛ የተወረሰ ስለ ሆነ፣ አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢያን እነዚህን ቃላት ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ቴስታታ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፤ ኮሎ በፒስተኖቹ ኃይል የሚዞረው ዋና ዘንግ ነው፤ ብሮንዚና ኮሎው የሚዞርበት ስስ ማረፊያ ነው፤ ፋሻ የፒስተኑ ቀለበት ነው፤ ካሚቻ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሸሚዝ ነው። ሞተር ሲግል ብዙ ጊዜ የሚጣመመው ወይም የሚሰነጠቀው ቴስታታው ነው። የታችኛው አካል ካልተሰነጠቀ፣ ኮሎውም በቶርኖ ቤት ተሞርዶ በልኩ ብሮንዚና የሚገኝለት ከሆነ፣ የራስን ሞተር አድሶ መትከል ከሁሉ የሚሻል ምርጫ ነው። የመኪናዋ ሞተር 2ኤች የሚባለው፣ ባለ 6 ሲሊንደርና 4 ሊትር ገደማ የሆነው ነው። ጉልበቱ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ በጥርስ እንጂ በቺንጋ ስለማይዞር በአያያዙ ትዕግሥተኛ ነው። ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሲያሉም፣ የሞተር መቀመጫውም ለእርሱ የተሠሩ ናቸው።

የታችኛው አካል ተሰንጥቆ ቢገኝስ? ደላሎቹ ያቀረቡት ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው 1ኤች ዜድ ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ 6 ሲሊንደርና 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያለው፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነው። ቱርቦ የለውም፤ ናፍታ የሚረጨውም ፖምፓ ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። ሱዳኖች «ታቸር» ብለው የሚጠሩት ፒክአፕ ላንድ ክሩዘር በዚህ ሞተር ስለሚሠራ፣ በየመንደሩ የሚያውቀው አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁለት። የቫልቮላው ዘንግ በቺንጋ የሚዞር ስለ ሆነ፣ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቮላው ይጋጫል። ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው፣ ሻጩ ምንም ቢምልለት፣ ቺንጋውን ከመትከሉ በፊት በአዲስ ይለውጥ።

ሁለተኛው 1ኤች ዲ ቲ ነው፤ ቱርቦ ያለው፣ ወደ 165 የፈረስ ጉልበት የሚደርስ ብርቱ ሞተር ነው። ሦስተኛው አዲስ ዓይነት፣ ባለ 3 ሊትር፣ በኮምፒዩተር የሚመራ፣ ናፍታውን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጭ ነው። ሁለቱም በስፍራቸው መልካም ናቸው። ነገር ግን የቱርቦው ጉልበት ለአሮጌ ካምቢዮና ለደከመ ራዲያተር ይከብዳል። የኮምፒዩተሩ ሞተር ደግሞ ከበርሜል በባልዲ ከሚቀዳ፣ አቧራና ውኃ ከተቀላቀለበት ናፍታ ጋር አይስማማም፤ ሲበላሽም በመፍቻና በመዶሻ ሳይሆን በመመርመሪያ መሣሪያ የሚገኝ በሽታ ነው።

ለፍትሕ ያህል ይህን እንጨምር። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ ይሳሳል። ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ስትሆን ጐንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከቆላው ጐንደር ሲደርስ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። ሥራው ዘወትር ወደ ደጋ ጭነት ማውጣት ለሆነ ሰው ቱርቦ ቢመርጥ አይነቀፍም። የደብዳቤያችን ባለቤት ጉዞ ግን ከጭቃ ወደ አስፋልት፣ ከቆላ ወደ ቆላ ነው።

አባቶቻችን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት ለዚህ ነው። የአካባቢውም ታሪክ ይመሰክራል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብሪጋዴር ስሊም የሚታዘዝ ጦር ጋላባትን ከኢጣልያኖች ለመንጠቅ 12 ታንኮች ይዞ ገጠመ። ምሽጉ ተያዘ፤ ታንኮቹ ግን አብዛኞቹ በድንጋዩና በፈንጂው ተሰብረው ቆሙ። ጥገናው በጊዜ ሊደርስ ስላልቻለም ወደ መተማ መግፋት አልተቻለም። ብረት ምንም ቢበረታ፣ የሚጠግነው በአጠገቡ ከሌለ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ደግሞ የካርቱም ገበያ ስለ ፈረሰ፣ መለዋወጫ ማግኘት ይበልጥ ከብዷል። ስለዚህ ሰው ሞተር ሲመርጥ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት በገዳሪፍ ገበያ ሦስት ነገር ይጠይቅ። በዚህ ከተማ ይህን ሞተር ከፍቶ የገጠመ መካኒክ ማን ነው? ሱዳኖች «እስቤር» ከሚሉት መለዋወጫ ፊልትሮው፣ ጓርኒሲዮኑና ብሮንዚናው ዛሬ በሱቅ አለ ወይ? ከሌለስ፣ በከሰላ በኩል ከፖርት ሱዳን እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል? መልስ ያልተገኘለት ሞተር በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲታይም ባለቤቱ ይጠንቀቅ። አስቀድሞ ተሞቆ የቆየውን አይቀበል፤ ቀዝቅዞ ሳለ በፊቱ ይነሣ። የዘይት መክደኛው ሲከፈት ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል። ጭስ በመክደኛው በኩል እየገፋ ከወጣ ፋሻው አልቋል። የ6ቱም ሲሊንደሮች ግፊት በመለኪያ ይለካ፤ እርስ በርሳቸውም ይቀራረቡ። ሞተሪኖውና መብራቱ በ12 ወይም በ24 ቮልት መሆናቸው ይጣራ፤ የተሳሳተ ቮልት ሽቦውን ያቃጥላል። የሞተሩም ቁጥር ከሽያጩ ወረቀት ጋር ይመሳከር፤ በሊብሬውም ላይ ይመዝገብ። ይህ ያልተደረገለት መኪና በኬላ ሲያዝ ወርቁም መኪናውም ይቆማሉ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የታችኛው አካል ደኅና ከሆነ የራስዎን 2ኤች ያሳድሱ። ካልሆነ 1ኤች ዜድን ይግዙ፤ የቱርቦውንና የኮምፒዩተሩን ደላላ በሰላም ያሰናብቱ። በሁለቱም መንገድ ራዲያተሩን አስቀድመው ያሠሩ፤ ሥራውም ከሰኔ ዝናብ በፊት ይለቅ። የወርቁን ዋጋ ሁሉ በሞተሩ ላይ አይጨርሱ፤ ከፊሉን ለትርፍ ቺንጋ፣ ለፊልትሮና ለቴስታታ ጓርኒሲዮን ያስቀምጡ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው እንዳይሆኑ።

ለወይዘሮዋ ጥያቄም መልሳችን፦ በከተማው የሚታወቅ ሞተር ሲታመም ይከፈታል፣ ይጠገናል፤ ለእርሱ ሌላ ጌጥ አይሸጥም።

ስለ ሕፃኑም አንድ ቃል እንጨምር። ጥፋቱን ሁሉ በራስዎ ላይ ብቻ አይጫኑ፤ በዚያ ሌሊት እርስዎ ባይነሡ እናቲቱም ባልተረፈች ነበር። ነገር ግን በክረምት ማንኛውም ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ ለምጥ የሚታመን ዋስ አይደለም። የመውለጃ ወሯ በክረምት የሚውል ሴት በሰፈሩ ካለች፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ ወሯ ሳይገባ በከተማ ከዘመድ ቤት ትቀመጥ። መኪናዋ በሰኔ መጀመሪያ የምታደርገው ያ ጸጥተኛ ጉዞ፣ በነሐሴ ሌሊት ከሚደረገው ሩጫ ይልቅ ብዙ ነፍስ ያድናል።