ዶሮ በአቼቶ

ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው ልቡም ሳያውቀው መቁጠር ይለምዳል። እኔ ቀኑን ከባንክ መስኮት ጀርባ፣ ምሽቱን ከግጥም ደብተሬ ፊት የማሳልፍ ሰው ነኝ። ሁለቱ ሥራዎቼ እስከዛሬ ሳይነካኩ ኖረዋል፤ አንድ እራት ላይ ግን ተጣሉብኝ። ያ ጠብ ያስተማረኝን ለእናንተ ለንባብ ወዳጆች ማካፈል ወደድኩ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ታላቅ እኅቴ የአውሮፕላን ትኬት ልካልኝ ዱባይ ሄጄ ነበር። እኅቴ ወደዚያች ከተማ የሄደችው በቤት ሠራተኝነት ነው፤ ዛሬ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ግን ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር በአንድ ማጀት፣ ከማጀቱ ጀርባ ባለች በአንዲት ጠባብ ክፍል ኖራለች። የአሠሪዎቻቸውን እራት አቅርበው፣ ሳህኑን አጥበው ሲጨርሱ ሁለቱ ወለል ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ይበሉ ነበር፤ አንድ ቀን የእኅቴን ሽሮ፣ ሌላ ቀን የጓደኛዋን ዶሮ በአቼቶ። ጓደኛዋ ወደ አገሯ ከተመለሰች ቆየች። እኅቴ ግን፣ «ያንን ዶሮ አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ እበላዋለሁ» ማለት አልተወችም። በሄድኩ በሁለተኛው እሑድ ምሽት ወደ አንድ ውድ የፊሊፒኖ ምግብ ቤት ይዛኝ ሄደች።

ቤቱ ደብዘዝ ያለ መብራት፣ የተወለወለ የእንጨት ጠረጴዛ፣ በዝግታ የሚራመዱ አስተናጋጆች ያሉት ነው። የምግብ ዝርዝሩን ስገልጥ ዓይኔ ከምግቡ ስም ይልቅ ከቁጥሩ ላይ አረፈ። አዶቦ፦ 78 ድርሃም። የባንክ ሰው ነኝና ወዲያው ወደ ብር መለስኩት፤ ከ2,600 ብር በላይ። የብር ምንዛሪ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ለገበያ ባይለቀቅ ኖሮ ግማሹን እንኳ ባልሞላ ነበር ብዬም አዘንኩ።

«እትዬ፣ ለዶሮ በአቼቶ ይህን ያህል?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እኅቴ ዝርዝሩን ሳትለቅ ቀና ብላ አየችኝ። «ባለፈው ሳምንት ለፓስታ 85 ድርሃም ስከፍል አጠገቤ ነበርክ። ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

መልስ አልነበረኝም። ፓስታ ዱቄትና ውኃ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የጣሊያን ምግብ ውድ ሲሆን ተፈጥሯዊ መስሎ ይታየኛል፤ የፊሊፒኖ ምግብ ውድ ሲሆን ግን ድፍረት መሰለኝ። ለምን? ፊሊፒናውያንን የማውቃቸው በእኅቴ ደብዳቤና ስልክ፣ ከእርሷ ጋር ወለል ላይ ሲቀመጡ በመሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዝርዝሩ ላይ የከበደኝ የዶሮው ዋጋ አልነበረም። «የሠራተኛ ምግብ» ብዬ የመዘገብኩት ነገር ከመዝገቤ ወጥቶ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ የአንድ ሕዝብ ምግብ ሲወደድ የምናሰማው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የኪሳችን ሳይሆን የንቀታችን ድምፅ ነው።

አዶቦን ንቀት የማይገባው የሚያደርገው ታሪኩም ጭምር ነው። ሥጋው በአቼቶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና ዛሬ ዛሬ በሶያ ሶስ ተዘፍዝፎ በዝግታ ይበስላል። በዚያ ሞቃትና እርጥብ አገር አቼቶ ሥጋን ከመበላሸት የሚጠብቅ ብልኃት ነው። ስፔናውያን ደሴቶቹን ከ1565 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ሲገዙ ከራሳቸው ወጥ ጋር አመሳስለው አዶቦ አሉት፤ አሠራሩ ግን ከእነርሱ መምጣት በፊት የነበረ ነው። ስሙን እንግዳ ሰጠው፤ ጣዕሙ የባለቤቱ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በሮቃ የሚኮመጥጠው የሲኒጋንግ ሾርባ አለ፤ በለውዝ ወጥ የሚበስለው የበሬ ጭራ፣ ካሬካሬ የሚሉት፣ አለ። እሳት ሳይነካው በአቼቶ ብቻ የሚበስለው ኪኒላው የተባለው ዓሣም አለ። ክትፎ ያሳደገው ሰው ይህን ሲቀምስ ባዕድነት ሊሰማው አይገባም።

አስተናጋጇ መጣች። እኅቴ አንደኛውን ምግብ በጣቷ እያሳየች የአሳማ ሥጋ እንዳለበት ጠየቀቻት። ልጅቱም ፈገግ ብላ፣ «ዶሮ ነው፣ አቴ» አለቻት።

እኔ ደነገጥኩ፤ አማርኛ የተናገረች መስሎኝ ነበር። በታጋሎግ ቋንቋ «አቴ» ማለት ታላቅ እኅት ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው። ሆኖም እኅቴ ስድስት ዓመት ሙሉ በማጀት ውስጥ በዚያ ስም ስትጠራ «እቴ» እየሰማች እንደኖረች ያን ቀን ነገረችኝ። ምግቡ ከመጣ በኋላ ደግሞ እጇን ታጥባ ተመለሰችና ሩዙን በጣቶቿ ጠቅለል አድርጋ ከወጡ ጋር ጎረሰች። ማንኪያና ሹካ በፊቷ ተደርድሮ ነበርና አፈርኩ፤ ዙሪያዬንም ቃኘሁ። ጥግ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰፊ ቤተሰብ በሙዝ ቅጠል ላይ የተዘረጋ ሩዝና ዓሣ ከቦ በእጁ እየበላ ነበር። ካማያን ይሉታል፤ «ካማይ» እጅ ማለት ነው። ያፈርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አቼቶው ትንሽ አንሶታል» አለች እኅቴ፣ እንደ ባለሙያ። ቀጥላም፣ «ግን ጥሩ ነው» አለች።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል። ምግቡ ሲወደድ የፈጠሩት ሰዎች ከማዕዱ አይባረሩምን? ፍርሃቱ አግባብ ነው። ሳትዋና ካራማ በተባሉት የዱባይ ሰፈሮች በትንንሾቹ ቤቶች ያው አዶቦ በጥቂት ድርሃም ይበላል፤ እነዚያ ቤቶች ቢጠፉ ውዱ ቤት ሥር የሌለው ዛፍ በሆነ ነበር። ነገር ግን አንዱ መኖሩ ሌላውን አያጠፋም። ጣሊያናዊት እናት በቤቷ ፓስታ ስለምትቀቅል ማንም የጣሊያን ሼፍ ዋጋ እንዲቀንስ አይጠየቅም።

ዋጋን መጥራት ክብርን መጥራት እንደሆነ ያሳመነኝ ሌላም ነገር አለ። የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ውጭ አገር ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 400 ዶላር እንዲሆን ወሰነ። በየአሠሪው ቤት ሁልጊዜ ተከብሯል ማለቴ አይደለም። ይሁንና በዚያ ማጀት ውስጥ የጓደኛዋ ደመወዝ 400 ዶላር ሲሆን፣ ያንኑ ወለል የምትጠርገው የእኅቴ ከግማሹ ያንስ ነበር። ልዩነቱ የጉልበት አልነበረም። ለአንደኛዋ ከኋላዋ ሆኖ «ዋጋዋ ይህ ነው» ያለ ነበራት፤ ለሌላዋ አልነበራትም። ስለዚህ ምግባቸውን 78 ድርሃም ብለው ሲጽፉ ያው ድምፅ ሲናገር ሰማሁ።

ዓለምም ዘግይቶ መስማት ጀምሯል። የሚሽላን መመሪያ በቺካጎ ለሚገኘው ካሳማ እ.ኤ.አ. በ2022 ኮከብ ሲሰጠው፣ ካሳማ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው የፊሊፒኖ ምግብ ቤት ሆነ። የስሙ ትርጉም «አብሮ» ማለት ነው። በ2025 ደግሞ መመሪያው ማኒላ ድረስ ሄዶ በዚያው ላሉ ምግብ ቤቶች ኮከብ አደለ። እኔ ግን ከኮከቡ በፊት የመጣውን ብዕር አስባለሁ። የአቴኔኦ ደ ማኒላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህርት የነበረችው ዶሪን ፈርናንዴዝ ስለ አገሯ ምግብ እንደ ቁም ነገር ትጽፍ ነበር፤ «ቲኪም» የተሰኘ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። ከማጀት እስከዚያ ውድ ጠረጴዛ ያለውን መንገድ ወጥ ሠሪ ብቻ አልጠረገውም፤ ጸሐፊም አብሮ ጠርጎታል።

እኛስ? አዲስ አበባ በትልቅ ሆቴል ሽሮ ሲወደድ «ሽሮ እኮ ነው!» እንላለን፤ አጠገቡ ያለው ስቴክ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዝም ብለን እንፈርማለን። ስንኞቻችን ስለ ጠጅና ስለ ቡና ሞልተዋል፤ ሽሮውን ስታማስል ጭስ ዓይኗን ስላጠፋው ሴት ግን ምን ያህል ጽፈናል? ራሴን ጨምሬ ነው የምወቅሰው፤ ደብተሬ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድም ግጥም የለም።

ሒሳቡ ሲመጣ ልከፍል ሞከርኩ፤ እኅቴ እጄን መታችኝ። ለአስተናጋጇ ጉርሻ ጨምራ አስቀመጠችና፣ «ሳላማት» አለቻት በቋንቋዋ። ልጅቱም «አመሰግናለሁ፣ አቴ» ለማለት በራሷ ቋንቋ መለሰችላት። ወጥተን መንገድ ላይ ስንቆም እኅቴ፣ «ስንት ብር ሆነ?» ብላ ቀለደችብኝ።

«አላሰላሁትም» አልኳት። ዋሽቼአት ነበር፤ አስልቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ቁጥሩ አልበዛብኝም።