ለአባሪው መዝገብ ቤት ማን ይክፈትለት?

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐሙሲት ወርጄ በቅርቡ ከአንድ የሩዝ ነጋዴ ጋር ሻይ ጠጥቼ ነበር። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ከቢሯቸው በስተጀርባ የቆመውን አዲስ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን እያሳዩኝ «ይኸን ታያለህ ልጄ? ኅዳር ሊገባ የታሰበ ነው፤ የገባው መጋቢት ነው። ያዘገየው መርከብ አይደለም፣ ወደብም አይደለም፤ አንዲት ኢሜይል ናት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቻይናው ሻጭ በመጀመሪያ አንድ ፕሮፎርማ ላከላቸው። ቆየት ብሎ እርሳቸው አቅሙ ከፍ ያለ ሞተር ስለፈለጉ ሞዴሉም ዋጋውም የተለወጠ ሌላ ፕሮፎርማ መጣ። ሁለቱም ፋይሎች «ፕሮፎርማ ኢንቮይስ» ከመባል በቀር ሌላ ስም አልነበራቸውም። ኮምፒዩተሩን የሚይዘው የወንድማቸው ልጅ ከኢሜይሉ ላይ አንዱን ከፈተ፣ አተመ፣ ለባንክ አስገባ። ያስገባው የመጀመሪያውን ነበር። ኤልሲው በአሮጌው ሞዴል ተከፈተ። ሻጩም ኤልሲው ሲደርሰው «ይህ እኔ የምልከው ማሽን አይደለም» ብሎ ጭነቱን አቆመ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አስመጪ የሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ የማሻሻያ ማመልከቻ፣ ኮሚሽን፣ ምልልስ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዩሲፒ 600 የተባለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ እንደሚለው ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። አንድ የሞዴል ቁጥር ከተለያየ ሰነዱ ተለያየ ማለት ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ ማሽኑ መጋቢት ሲደርስ ገበሬው ምርቱን ሌላ ዘንድ አስፈልፍሎ ሸጧል። (መምህራኖቻችን «የግብይት ወጪ» ሲሉን እኔ የጭነት መኪና ኪራይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።) በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ግድም እንደተሻገረ የሚያስታውስ ነጋዴ፣ ክፍያው ለሳምንታት መዘግየቱ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የሚወቀስ ነገር ሞልቷል። መዝገብ ቤቱን ግን በበኩሌ አመሰግነዋለሁ። ደብዳቤ ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ «አባሪ 4 ገጽ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አራቱ ገጽ ሦስት ሆኖ ከተገኘ ከማን እጅ እንደጎደለ ይታወቃል። አገራችን በ1989 ዓ.ም. ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘች፤ ከዓመታት በኋላም ኢሜይል ወደ ነጋዴው ቢሮ ሲገባ ፋክሱ ወጣ። ያሳዝናል፣ መዝገብ ቤቱም ከፋክሱ ጋር አብሮ ወጣ። አባሪውን ዛሬ ማንም አይመዘግበውም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚመዘግበው ይመስለናል።

አይመዘግብም። እንደ አውትሉክና ተንደርበርድ ያሉት ፕሮግራሞች አባሪውን ከደብዳቤው ሆድ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ለመላኪያ ሲባል ፋይሉ ወደ ፊደላት ስለሚለወጥ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል፤ 9 ሜጋባይት የነበረ ስካን ወደ 12 ይጠጋል። ደብዳቤዎቹ ከነአባሪዎቻቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ትልቅ ፋይል ይከማቻሉ፤ እሱ ከተበላሸ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። በአሮጌዎቹ አውትሉኮች ይህ ፋይል 2 ጊጋባይት ሲደርስ ችግር ይጀምር ነበር። ዛሬ ጣሪያው በጣም ከፍ ብሏል፤ አደጋው ግን ያው ነው። ቦታ ሞላ ብሎ የቆየ ደብዳቤ የሚሰርዝ ሠራተኛም አባሪውን አብሮ እንደሚሰርዝ ልብ አይለውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አባሪውን በቀጥታ ከኢሜይሉ ከፍቶ ማረም ነው። የተከፈተው ጊዜያዊ ቅጂ ስለሆነ እርማቱ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ ዋናው እንደነበረ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አባሪ በደረሰበት ቀን ከኢሜይሉ ወጥቶ በኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጥ። ላኪው በሰጠው ስም ሳይሆን እኛ በምንሰጠው ስም ይሁን፤ ቀኑ፣ የሻጩ ስም፣ የሰነዱ ዓይነት፣ ስንተኛው እንደሆነ። ለእያንዳንዱ ግዥ አንድ ማኅደር ይከፈት፤ ፕሮፎርማው፣ የባንክ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ እዚያው ይግቡ። የተሻረው ፕሮፎርማ አይጣል፤ «የተሻረ» በሚል ማኅደር ለብቻው ይቀመጥ። ተንደርበርድ አባሪውን ከደብዳቤው ላይ ነቅሎ የማውጣት ምርጫም አለው። ለትልልቅ ፎቶግራፎች ይጠቅማል፤ ለውል ሰነድ ግን አልመክርም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታልና፣ ክርክር ቢነሳ ደብዳቤው ከነአባሪው ሳይነካ መገኘቱ ይበጃል። ቅጂውን ያውጡ፤ ዋናውን አይንኩ። በሳምንት አንድ ቀንም ሁሉም ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ።

«ሁሉም ቴሌግራም ላይ አለ፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። በአዲስ አበባ ሆኖ እንዲህ ማለት ይቀላል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ሰነዱን በስልኩ ደመና ላይ የተወ ነጋዴ የራሱን ንብረት ማየት አልቻለም፤ በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ያስቀመጠው ግን ቢያንስ አትሞ ወደ ባንክ መሄድ ይችል ነበር። የኢሜይል ፕሮግራሙ ራሱ ምን ያህሉን ደብዳቤ ወደ ኮምፒዩተሩ እንደሚያወርድ ማየትም ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ የቅርብ ወራቱን ብቻ አውርዶ የቀረውን ሩቅ አገር ይተወዋል።

ሌላው ሌብነት ነው። የሻጩን ኢሜይል ሰብሮ የገባ አጭበርባሪ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ የተለወጠ ኢንቮይስ በአባሪ ይልካል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ዓይነት ማጭበርበር የደረሰው ኪሳራ 2.9 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን ዘግቧል። በቲቲ የሚከፍል ሰው የሒሳብ ቁጥር ተለወጠ ሲባል ሻጩ ዘንድ መደወል አለበት፤ የሚደወለውም አዲሱ ኢንቮይስ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በቀድሞው ማኅደር ባለው ነው። ማኅደር የሌለው ሰው በየትኛው ይደውላል?

ከሐሙሲት ስነሳ የነጋዴው የወንድም ልጅ ባለ መስመር ደብተሩን አሳየኝ። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪ፣ የአባሪው ዓይነት፣ የተቀመጠበት ማኅደር ይላል። ቁጥር 41 የወንፊት መለዋወጫ ፕሮፎርማ ነው፤ በቀይ እስክርቢቶ «ተሽሯል፣ 42ን ይመልከቱ» ተብሎበታል። በ42 ትይዩ ደግሞ «በስልክ አልተረጋገጠም» ይላል። አጎቱ ገና ወደ ባንክ አልላኩትም።