ሱሑር በልተን ለምን ወዲያው እንተኛለን?



ባለፈው ረመዷን ከዶርማችን ልጆች አንዱ ሁለት ቀን ለማፍጠር ተገደደ። የታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ ቀዷ እንደሚያወጣ ከመድረሳ ጀምሮ ተምረነዋል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለንም። የሚቆጨን ሌላ ነው። ሁለቱንም ሌሊት አብረን ነበርን። ፈጅር ሊደርስ ሲል ከማታ የተረፈውን በርበሬ የበዛበት ሩዝ እየተሻማን እስክንጠግብ በላን፣ ሰግደን ተመለስን፣ መብራት አጥፍተን ተጋደምን። ረፋድ ላይ ደረቱን እያቃጠለው ተነሳ። ዙህር ሲሰግድ ሱጁድ በወረደ ቁጥር ኮምጣጣ ውሃ ጉሮሮው ድረስ ይመጣበት ነበር። እኛም "ጨጓራው ተነስቶበት ነው" ብለን አለፍነው።

ይህች "ጨጓራ" የምንላት ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። የጨጓራ ቁስለትና ቃር አንድ አይደሉም። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያስቆጣና እንደሚያቆስል በማሳየታቸው ነው፤ እሱ በምርመራ ተለይቶ በመድኃኒት ይታከማል። ቃር ግን በአብዛኛው የቫልቭ ጉዳይ ነው። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የጡንቻ ቀለበት አለ፤ ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። የሜካኒካል ልጆች ቼክ ቫልቭ የሚሉት ዓይነት ነው። ቀለበቱ ሲላላ ወይም ጨጓራ ከልክ በላይ ሲሞላ አሲዱ ወደ ላይ ያመልጣል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ሽፋን አለው፤ የምግብ ቧንቧ ያን ያህል መከላከያ የለውም። ቆመን ወይም ተቀምጠን ሳለ የመሬት ስበት ያግዘናል። ስንጋደም ያ እገዛ ይቀራል።

ስለዚህ ሐኪሞች ከበላችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት አትጋደሙ ይላሉ። ለፆመኛ ከባዱ ምክር ይኸው ነው። ሱሑርን ማዘግየት ሱና ነው፤ ከፈጅር በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለናል። ሱሑሩን ወደ እኩለ ሌሊት እናምጣው አንልም። የሚቀነሰው መጠኑ፣ ቅባቱና በርበሬው ነው፤ የሚረዝመው ደግሞ ከሶላት በኋላ ቁጭ የምንልበት ጊዜ። ፀሐይ እስክትወጣ መስጂድ ተቀምጠን ቁርኣን ብንቀራ፣ ሱሑር ከጨረስንበት ሲቆጠር ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። ያ ወንድማችን በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ይህን አደረገ። ሩዙን ትቶ ዳቦና ሙዝ ያዘ። ቃሩ ጨርሶ ባይለቀውም የቀሩትን ቀናት ፆመ።

ማታ ላይም ጥፋታችን ብዙ ነው። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ስለማካፈል የተነገረውን ሐዲስ በደዕዋ ፕሮግራም ላይ እናስተምራለን፤ ኢፍጣር ላይ ግን ስድስተኛዋን ሳምቡሳ እናነሳለን። ከዚያ በጢም ያለ ሆድ ተራዊሕ እንቆማለን። ጎንበስ ማለት ብቻውን አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ተራዊሕ ላይ ስንት ሱጁድ እንዳለ ቁጠሩት።

ስለ አተኛኘት በአንድ ሐለቃ ላይ ስናወራ ክርክር ተነስቶ ነበር። ቃር ላለበት ሰው በግራ ጎን መተኛት ይሻላል፤ ምክንያቱም ጨጓራ ከመግቢያው ወደ ግራ ያዘነበለ ስለሆነ በግራ ስንተኛ አሲዱ ከቫልቩ በታች ይቀራል። አንድ ወንድም "ሱናው በቀኝ ነው፣ እንዴት ሆኖ!" አለ። እውነቱን ነው፣ ሱናው በቀኝ ነው። ግን ሱና እንጂ ዋጂብ አይደለም። በቀኝ ጋደም ብሎ ዱዓውን አድርጎ፣ ሕመም ያለበት ሰው ከዚያ ወደ ግራ ቢዞር ሱናን ናቀ አይባልም ባይ ነን።

የአልጋን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግም ይረዳል። እባካችሁ በተደራራቢው አልጋ እግር ስር ብሎኬት እንዳታስገቡ፤ የላይኛው ልጅ ነፍስ አለው። ብርድ ልብስ አጣጥፎ ከፍራሹ ስር ከወገብ ጀምሮ ተዳፋት አድርጎ ማስገባት ይበቃል። ትራስ መደራረብ ግን አንገትንና ሆድን ከማጠፍ በቀር ብዙም አይጠቅምም።

መድኃኒት አትውሰዱ አንልም። የምንቃወመው ኦሜፕራዞልን እንደ ከረሜላ ከዶርም ወደ ዶርም መዋዋስን ነው። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ የሚወሰድ ነው፤ እኛ ግን በልተን ሲያቃጥለን እንውጠዋለን። ለወራት ወስዶ ድንገት ማቆም ደግሞ አሲዱን ለጊዜው ሊያባብሰው ይችላል። ለራስ ምታት የምንወስዳቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ጨጓራን ያስቆጣሉ። የፈተና ሰሞን ጫት የሚቅሙትን ወንድሞች በተመለከተ የዲኑን ክርክር ለኡስታዞቻችን እንተወውና፣ ቀኑን ሙሉ የምግብ ፍላጎትን ዘግቶ እኩለ ሌሊት ላይ ከባድ እራት የሚያስበላ ልማድ ለዚህ ቫልቭ ጠላት ነው።

ምግብ ሲወርድ የሚያንቀው፣ ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው የጠቆረ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ረመዷን ሳምንታት ቀርተውታል። የኢፍጣር ኮሚቴያችን በትልቅ ድካም እንደሚሠራ እናውቃለን፤ አላህ ይቀበላቸው። ጥያቄያችን ሁለት ነው። ለሳምቡሳና ለመጥበሻ ዘይት ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹ ወደ ቴምር፣ ሙዝና ሾርባ ይዙርልን፤ ዋናው ምግብም ከተራዊሕ በኋላ ሳይሆን ከመግሪብ ሶላት ቀጥሎ፣ በመጠኑ፣ ይቅረብልን። የእህቶች ክፍል ባለፈው ዓመት ሾርባውን ሞክሮት ነበርና እንዴት እንዳደረጉት ቢጠየቁ ጥሩ ነው። መልሱን ከጁምዓ በኋላ ባለው ስብሰባ እንጠብቃለን።