የሰርዲኗ መኪና ምን ጭናለች?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና ክርክሩ ከዚያ ይቀጥል። ደባርቅና ዳባት ውስጥ ልጆች ከሽቦና ከሰርዲን ቆርቆሮ የሚሠሯቸው መኪኖች መትረየስ መታጠቅ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ትልልቁ ሰው ይህን ሲያይ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ይነጥቃል፤ አንዳንዱም በእግሩ ጨፍልቆ ያልፋል። «ያየነው አልበቃ ብሎ ደግሞ መጫወቻ ይሁን?» ይባላል። ባለፈው ክረምት ወደዚያ አገር ለእረፍት የሄድን የክፍላችን ልጆች በዚሁ ነገር ቡና እየጠጣን ተከራክረን ነበር፤ አብዛኞቹ ከነጣቂዎቹ ጎን ቆሙ። እኔ አይነጠቁ ባይ ነኝ። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን ካልንማ ከመንጠቃችን በፊት አንድ ጥያቄ አለብን፤ ይቺ መኪና ምን ጭናለች?

መጀመሪያ ለማያውቃት አንባቢ ላስተዋውቃት (የከተማ ልጆች፣ ለእናንተ ነው)። ሻሲዋ ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት ጥቁር ሽቦ ነው። አካሏ የሰርዲን ቆርቆሮ ወይም የሳልሳ ጣሳ፤ ትልቅ እንድትሆን ከተፈለገ ደግሞ ከቢጫው የዘይት ጀሪካን ይቆረጣል። ጎማዋ ካረጀ ሲሊፐር ሶል በምላጭ ተከቦ የሚወጣ ነው፤ ሶል ከጠፋ አራት ቆርኪ ይበቃል። ከጣሪያዋ ረጅም ሽቦ ይነሳና ጫፉ ላይ ክብ መሪ ይሠራለታል፤ ሾፌሩ ከኋላ እየሮጠ ይነዳታል። ገልባጭ የሚሠራ ልጅ ሁለት ሲሪንጅ በቀጭን ቱቦ አገናኝቶ ውኃ ይሞላበታል፤ አንዱን ሲጫነው ሌላው ይገፋና ሳጥኑ ቀና ይላል። ይህንን እኛ ሃይድሮሊክ ብለን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ልጁ ግን ገና 3ኛ ክፍል ነው!

የታጠቀችው መኪና በዚህ ላይ ነው የምትጨመረው። የእስክሪብቶ ቀፎ አፈሙዝ ይሆናል፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ቆርኪ በጎንና በጎን ተደርድሮ ብረት ለበስ ያደርጋታል። የመስታወቱ ቦታ በሽቦ ይታጠራል። ልጆቹ የመሣሪያውን ስም ከኛ ይልቅ አጥርተው ያውቃሉ፤ ዲሽቃው የቱ እንደሆነ፣ ዙ 23 ስንት አፈሙዝ እንዳለው ይነግሯችኋል።

አሁን ትንሽ ራቅ እንበል። ይኸው ሥራ በውጭው ዓለም የጎልማሶች መዝናኛ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2017 «ጋስላንድስ» የሚባል የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ታተመ። ደራሲው ማይክ ሃቺንሰን ነው። ተጫዋቹ «ሆት ዊልስ» ወይም «ማችቦክስ» የሚባሉትን በመዳፍ የሚያዙ የብረት መኪኖች ገዝቶ ይፈታታቸዋል፤ ቀለማቸውን ይፍቃል፤ መትረየስ፣ ሹል ብረትና የሽቦ አጥር ይለጥፍባቸዋል፤ ዝገት የሚመስል ቡናማ ቀለም ይቀባቸዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያፋልማቸዋል። ታሪኩ ዓለም ከጠፋች በኋላ ነው የሚፈጸመው፤ ምድር ወድማለች፣ ነዳጅ የለም፣ የተረፈው ሰው ወደ ማርስ የመሄጃ ዕድል ለማግኘት በቴሌቪዥን እየታየ በመኪና ይጨራረሳል። አንድ ተጫዋች መኪኖቹን የሚገዛበት ሒሳብ ምን ተብሎ ይጠራል መሰላችሁ? «ጣሳ»! 50 ጣሳ ይሰጠዋል፤ መትረየሱ ይህን ያህል ጣሳ፣ ጎማው ይህን ያህል ጣሳ እየተባለ ይቆጠራል። የደባርቅ ልጅ ግን ጣሳውን ራሱን ነው የሚነዳው።

የዚህ ሁሉ አባት «ማድ ማክስ» የተባለው የአውስትራሊያ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ሐኪም ነበር፤ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሠርቷል፤ መንገድ ላይ የተጎዳ ሰው ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የደረሰው የነዳጅ ችግርም የፊልሙን ሐሳብ እንደወለደው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ክፍል በአብዛኛው የተቀረጸው ናሚቢያ በረሃ ውስጥ ነው፤ ዓለም የጠፋችበትን ቦታ ሲፈልጉ አፍሪካ ድረስ መጡ ማለት ነው (ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ)።

ምክንያቱም እነሱ «ከዓለም መጥፋት በኋላ» ብለው በምናብ የሚፈጥሩት ነገር በኛ ዘንድ የዘወትር ሥራ ነው። ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ሲሸጥ አይተናል። በጭነት መኪና ሻሲ ላይ እዚሁ አገር ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አውቶቡስ ይሆናል፤ ስሙንም «ቅጥቅጥ» ብለን ተሳፍረንበታል። ከመኪና ጎማ ጫማ ተሠርቶ ሲኬድበት ኖሯል። ምናለሽ ተራ ሙሉውን ከወዳደቀ ነገር የሚበላ ገበያ ነው። ስለዚህ የሰሜን ተራሮች ሥር ያለ ልጅ ከጣሳ መኪና ቢሠራ የማንንም ፊልም አልኮረጀም።

መትረየሱስ ከየት መጣ? እሱንም ከፊልም አላመጣውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል ወደ ደባርቅ ሲገፋ፣ ሰው ከብቱንና ቤቱን እየጣለ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጣ። ደባርቅ በተፈናቃይ ሞላች። ዳባት አጠገብ ያለችው ጭና ላይ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲቪሎች ተገደሉ። የአካባቢው ባለሥልጣናት በወቅቱ ከ120 በላይ ሰው መገደሉን ለዜና ወኪሎች ተናገሩ፤ ሕወሓት አስተባበለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች የዓይን ምስክሮችን አነጋግሮ የትግራይ ኃይሎች በ15 የተለያዩ አጋጣሚዎች 26 ሲቪሎችን እንደረሸኑ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አስታወቀ። እንግዲህ ያኔ 5 እና 6 ዓመት የነበሩት ልጆች ናቸው ዛሬ ሽቦ የሚያጥፉት። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ ስንል፣ በዚያው ዓመት ክረምት ላይ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሳ። መትረየስ የተገጠመበት ፒካፕ ለነዚህ ልጆች በሰፈራቸው ያለፈ መኪና ነው፤ አባዱላው እንዳለፈ፣ አይሱዙው እንዳለፈ።

ደባርቅ ላይ ከዛሪማ በኩል ከመጡት አንዱን ልጅ መኪናውን አሳየኝ አልኩት። 10 ዓመት ቢሆነው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲሽቃ ነዋ!» አለኝ፤ አለማወቄ አስደንቆት።

«ይሄስ ከኋላ የታሰረው ጨርቅ?»

«ፍራሽ ነው እታለም። ሊማሊሞን ስንወጣ የጫነው ነው። ዶሮዋ ግን የለችም። ረሳናት።»

ይኸው ነው። እኛ አላፊ አግዳሚዎቹ አፈሙዙን አይተን ተቆጣን፤ ልጁ ፍራሹን ለማሰር ያጠፋው ጊዜ መትረየሱን ለመግጠም ካጠፋው ይበልጣል። ዲሽቃው የተሠራው ከአንድ ቀፎ ነው፤ ፍራሹ ግን በልኩ ተቆርጦ፣ በክር ተሰፍቶ፣ በሁለት በኩል ተጠፍሮ ነው። ያንን መኪና የነጠቀ ሰው መሣሪያ አስፈታሁ ይላል እንጂ የወሰደው የአንድ ቤተሰብ የስደት ታሪክ ነው። የኛም ዜና እንዲሁ ነው ባይ ነኝ፤ ስንት ከባድ መሣሪያ ተማረከ፣ ስንት ወደመ እያለ ሲቆጥር ይከርምና ፍራሹን አይጠይቅም።

ተቃዋሚዎቼ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ «በጦርነት የሚጫወት ልጅ ሲያድግ ጦርነት ይወድዳል» የሚለው ነው። ይህ እውነት ቢሆን ጉግስ የሚጋልቡ አባቶች ሁሉ በየጥምቀቱ ማግስት በተዋጉ ነበር! ፈረስ ጉግስ በጋሻ መክቶ፣ ዱላ ወርውሮ የሚከወን የጦርነት ጨዋታ ነው። በቤተ መንግሥት ይጫወቱት የነበረው የአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ስሙም «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ተራ በተራ ይሆናል። አንድ ሲወድቅ ሕግ ይጀምራል ማለት ነው፤ በእውነተኛው ጦርነት የምናየው የዚህ ግልባጭ አይደል? እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ በአሻንጉሊት ወታደሮች መሬት ላይ የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ሕግ አሳትሟል፤ ሰውየው ጦርነትን የሚጠላ ነበር።

ፉከራና ሽለላ ልጅን አያነሳሱም እያልኩ አይደለም፤ ያነሳሳሉ። ነገር ግን ፉከራውን ለልጁ የሚያሰማው ትልቁ ሰው ነው፤ መኪናውን የሚነጥቀውም ያው ትልቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል፤ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። ልጁ ቁስሉን እየደጋገመ እየነካካ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቻውቺላ በምትባል ከተማ 26 ልጆች ከነሾፌራቸው ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ተጠልፈው፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ የጭነት መኪና ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር፤ ቆፍረው አመለጡ። ሌኖር ቴር የተባለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ልጆቹን ለዓመታት ተከታተለቻቸው። ያገኘችው ነገር የሚያጽናና አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያንኑ ጨዋታ ያለ ለውጥ ይደጋግመዋል፣ ፊቱ ላይ ደስታ የለም፣ ጨዋታውም ፍርሃቱን አያስለቅቀውም። ስለዚህ «ይጫወቱ፣ ይወጣላቸዋል» ብሎ ዝም ማለትም ትክክል አይደለም። ግን መንጠቅስ ምን ያክማል? ቆርቆሮው ቢጨፈለቅ ፍርሃቱ ልጁ ውስጥ ነው ያለው። አጠገቡ ተቀምጦ የተመለከተ ሰው ግን ቢያንስ አንድ ነገር ይለያል፤ ጨዋታው ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? ሁልጊዜ በዚያው መታጠፊያ ላይ ያው መኪና የሚቃጠል ከሆነ ልጁ እርዳታ ይፈልጋል።

እኔ ያየሁት ሠፈር ውስጥ ጨዋታው ይለወጣል። ልጆቹ ከጭቃ ሊማሊሞን ሠርተዋል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረበውን መንገድ ከነመታጠፊያው! ሕግም አላቸው። እያንዳንዱ መኪና ጥቂት ጠጠር ይይዛል፤ ጠጠሩ ነዳጅ ነው፤ በየመታጠፊያው አንድ ይከፈላል፤ ያለቀበት ይቆማል። ገደል የገባ ሰው ማን ማን እንደተሳፈረ ይናገራል። በጥፍር ቀለም ቀይ መስቀል የተቀባችውን መኪና የተኮሰባት ከጨዋታ ይወጣል። ጋስላንድስም ላይ እንዲህ ያለ ሕግ አለ፤ አንዱ ዙር ስድስት ማርሽ አለው፣ የፈጠነ መኪና ብዙ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ ነገር ግን የአደጋ ምልክቱ ስድስት ከደረሰ ሊገለበጥ ይችላል። የቀይ መስቀሏን ሕግ ግን እዚያ አላየሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን እኔም ከነጣቂዎቹ ጋር ነኝ። አንዳንዱ ልጅ የእስክሪብቶ ቀፎውን ትቶ እውነተኛ የጥይት ቀለሃ ፍለጋ ውጊያ ወደነበረባቸው ቦታዎች ይሄዳል። ብረት ለቅመው ለቆራሌው የሚሸጡም አሉ። በሰሜኑ ጦርነት ቦታዎች ያልፈነዳ ተተኳሽ ነክተው የሞቱና እጅ እግራቸውን ያጡ ልጆች አሉ። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ቀለሃ ከመኪናው ላይ ይነሳ፣ ልጁም ከየት እንዳመጣው ይጠየቅና ቦታው ለሚመለከተው ይነገር። ለምን እንደተነሳ ካልተነገረው ግን ነገ ተደብቆ ይሄዳል። ቀለሃውን የወሰደ ሰው በምትኩ እስክሪብቶ ይስጠው።

ለክፍላችን ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው። ለድምፅ ዘገባ ልምምድ በየዓመቱ የስብሰባ መክፈቻ ንግግር ቀድተን እንመጣለን። ዘንድሮ መቅጃውን ይዘን ወደ ልጆቹ እንሂድ፤ ወላጅ አስፈቅደን፣ ስማቸውንም ፎቷቸውንም ሳንወስድ፣ «ምን አየህ?» ብለን ሳናስጨንቃቸው፣ ስለ መኪናው ብቻ እየጠየቅን። መምህራኖቻችን ከፈቀዱ ደግሞ በክፍሉ ኮሪደር ላይ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ ሊማሊሞን እንሥራና ራሳችን እንጫወትበት፣ በልጆቹ ሕግ፣ ከነጠጠሩ።

ከላውንቹ ጀርባ የሚጣሉትን የሰርዲን ቆርቆሮዎች መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን 14 ደርሰዋል። የጎደለን ሲሊፐር ነው። ያረጀ ያለው፣ ግራም ይሁን ቀኝ፣ ሳይጥለው ያምጣልን።