የሕፃን ዝምታ

ሲኒማ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም አንዳንዱ ፊልም ከብዙ ንግግር ይልቅ አንድን ችግር አጥርቶ ያሳያል። የሩማንያ ተወላጅ የሆነው ራዱ ሚሃይሌያኑ በ1997 ዓ.ም. ያወጣው «ሂድ፤ ኑር፤ ሁን» የተባለው ፊልም ከእነዚህ አንዱ ስለ ሆነ፤ ዛሬ እርሱን ይዘን ስለ ሕፃናት ቁስል ጥቂት እንመረምራለን።

ታሪኩ የሚነሣው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፤ «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ሥራ 8,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። አስቀድሞ በመንገድና በስደተኞች ሰፈር ያለቁትም 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በፊልሙ አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ከሞት ይድን ዘንድ፤ ልጇ ከሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ጋር ትሰደዋለች። ይህችም ሴት እስራኤል ከገቡ በኋላ ትሞታለች። ልጁ በሰው ስምና በሰው ሃይማኖት ብቻውን ይቀራል።

በቴል አቪቭ አንድ ቤተሰብ ሊያሳድገው ይቀበለዋል። ልጁ ግን ምግብ አልበላም ይላል፤ አልጋ ተነጥፎለት ከመሬት ይተኛል፤ ገላውን ሲያጥቡት ውሃው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ አይቶ ይጮኻል። ለማያውቀው ሰው ይህ እልኸኝነት ነው። ነገር ግን በውሃ ጥም ሰው ሲያልቅ ያየ ልጅ፤ ውሃ በከንቱ ሲፈስ እንዴት ዝም ይላል? የተራበች እናቱን ትቶ የመጣስ እንዴት እህል ይወርድለታል? አሳዳጊ እናቱ ይህን በትዕግሥት ትመለከታለች። የተማሪዎች ወላጆች በሽታ ያመጣብናል ብለው በሸሹት ጊዜም፤ በፊታቸው ፊቱን እየላሰች ታሳፍራቸዋለች።

እንግዲህ ፍቅር ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። ልጁ እውነተኛ ስሙን ቢናገር የሚባረር ስለሚመስለው፤ ፍቅሩ እንኳ ያስፈራዋል። ፋታ የሚያገኘው አንድ ቄስ በቋንቋው ለእናቱ ደብዳቤ በጻፉለት ጊዜ ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፤ ብዙ ቤተሰብ በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብቷል። እንዲህ ባለው ቦታ ስደተኛን የሚመዘግብ ወጣት ሠራተኛ አንድ ስም፤ አንድ ዕድሜና አንድ የአባት ስም ይፈልጋል። መፈለጉም ትክክል ነው፤ ስሙ የተለወጠ ልጅ እናቱ ብትፈልገው በምን ታገኘዋለች? ሆኖም ልጁ ዝም ቢል ወይም ዛሬ አንድ፤ ነገ ሌላ ቢናገር፤ ዋሾ ነው ተብሎ መዝገቡ መዘጋት የለበትም። ምናልባት እንዲህ በል ያለችው እናቱ ትሆናለች።

ስለዚህ ሕፃኑን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይጠይቀው፤ ጥያቄውም በአንድ ቀን አይለቅ፤ የተናገረው ሁሉ፤ እርስ በርሱ ቢጣላ እንኳ፤ ሳይሰረዝ ይጻፍ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ጊዜና የሚሰማ ጆሮ ነው።